አይንጠብጥብና የሚያፈሰው ጋቢናው

ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው «አይንጠብጥብ» በሚለው ቅጽል ነው። ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ያውም አንቱ የተባለ። ሥራውን ጨርሶ መፍቻውን እየጠረገ የቤቱን ባለቤት ዓይን ዓይኑን ያይና «ከእንግዲህ አይንጠባጠብም፤ ቢንጠባጠብ ሰው አትበሉኝ» ይላል። ይህችን አነጋገር ሃያ ዓመት ሙሉ ስለደጋገማት ዞራ ዞራ ስሙ ሆና ቀረች። እውነቱን ለመናገር ሰውዬው በሥራው አይታማም። እሱ ያሰረው ቧንቧ እንኳን ሊያፈስ ላብም አያልበው።

እንግዲህ የዚህ ሰው መኪና ታፈሳለች። የጠሉት ይወርሳል ይሉ የለ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ከሹፌሩ ጎን ባለው መቀመጫ ፊት፣ እግር በሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ውሃ ይተኛል። ምንጣፉን ሲረግጡት ጭቅ ይላል። ጋቢናው ያልደረቀ ካልሲ ይሸታል፣ መስታወቱም ከውስጥ ጉም ይለብስና መንገድ አላሳይ ይላል። የሰፈር ሰው ደግሞ ለቀልድ ማን ብሎት፤ «አይንጠብጥብ፣ ጎበዝ ቧንቧ ሠራተኛ እንጠቁምህ?» እያለ ያቆስለዋል። የመጀመሪያ ቀን አብሮ ሳቀ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ግን የሚያሾፍበትን ሁሉ በትልቁ መፍቻ ቢለው ደስታውን አይችለውም ነበር።

መኪናዋ አሮጌ ናት፤ አንድ ረድፍ መቀመጫ ብቻ ያላት ፒካፕ፣ ሃያ ሁለት ዓመቷ። ከኋላ ቱቦና መሰላል ትጭናለች፣ ከፊት እሱንና እናቱን። እናቱ ባለፈው ዓመት መታጠቢያ ቤት አዳልጧቸው ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ዳሌው ተጠገነ፤ ሆስፒታል በተኙበት ግን የሳንባ ምች ያዛቸውና ለጥቂት ተረፉ። ሐኪሙ ሲያሰናብታቸው ልጅየውን ወደ ጎን ጠራና «ከብርድና ከእርጥበት ይጠበቁ፤ ይህ ሳንባ ሌላ ዙር አይችልም» አለው። አይንጠብጥብ አንዴ አግብቶ አልሆነለትም፣ ልጅም አልወለደ። ቤት ውስጥ ያሉት እሱና እሳቸው ብቻ ናቸው። በሩን ቆልፎባቸው መሄዱ አንጀቱን ሲበላው ጊዜ፣ ጋቢናው ውስጥ ትራስ ደርድሮ፣ ሬዲዮ ከፍቶ፣ ወደ ሥራ ይዟቸው መዞር ጀመረ።

ማን ያውቅ ነበር፣ ሴትዮዋ ጋቢናውን ሳሎን አደረጉት። እሱ የሰው ወጥ ቤት ገብቶ ማጠቢያ ሥር ሲጋደም፣ የቤቱ እመቤት ወጥታ በመስኮቱ በኩል ከሳቸው ጋር ወሬ ትጀምራለች። አንዷ የባሏን ጠባይ ታማክራለች፣ ሌላዋ የሕፃኗን ሽፍታ ታሳያለች። አይንጠብጥብ ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ «ትንሽ ቆይ፣ ወሬያችንን አልጨረስንም» የሚባልበት ቀን ብዙ ነው። ደንበኞቹ ሲደውሉለት መጀመሪያ የሚጠይቁት «እማማም ይመጣሉ?» ብለው ነው። ይህ ትንሽ ያናድደዋል፣ ግን ደስም ይለዋል።

ነገሩን ያጦዘችው ታላቅ እህቱ ናት። ሌላ ከተማ ትኖራለች። የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ናት፣ ባሏ ሥራው ከአገር ውጭ ነው፣ ልጆቿ አድገው ወጥተዋል፤ ቤቷ ሰፊ፣ ወለሉ የሚያንጸባርቅ። እናትዋን ለመጠየቅ መጥታ ዝናብ በጣለበት ቀን ጋቢናው ውስጥ ተቀመጠች። ስትወርድ አንድ ጫማዋ ውሃ ይዞ ነበር። ጫማውን ገልብጣ ውሃውን ወንድሟ ፊት አፈሰሰችው።

«ሐኪሙ ምን ነበር ያለህ?» አለችው።

«እትዬ፣ እየሠራሁት ነው።»

«ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ እመጣለሁ። ይህ መኪና ጠብታ ውሃ ከተገኘበት እማዬን ይዣት እሄዳለሁ። አንተ የሰው ቤት ስትደፍን የገዛ እናትህን ልታስጨርስ ነው እንዴ?»

ይህቺ የመጨረሻዋ ቃል ከጆሮው አልወጣ አለች። ለምን ቢባል እውነት ነበረቻ።

ከዚያ ጀመረው። መጀመሪያ የፊት መስታወቱን ዙሪያውን በሲሊኮን ለሰነው። ዘነበ፤ ውሃው ገባ። የበሩን ጎማ ነቅሎ አዲስ አለበሰው። ዘነበ፤ ገባ። ጣሪያው ላይ ያለችውን የሬዲዮ አንቴና ጠረጠረና ሥሯን በሲሊኮን ቀበራት፤ ሬዲዮው ከዚያ ቀን ጀምሮ መንጫጫት ያዘ እንጂ ውሃውስ ምን ገዶት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የኛ ሰው የያዘው ሲሊኮን ነው። ቀዳዳ ያያል፣ ይደፍናል። ስንጥቅ ያያል፣ ይደፍናል። ሥራው አስተምሮታል፤ ቧንቧ ላይ ውሃ የታየበት ቦታ ማለት ውሃ የሚያመልጥበት ቦታ ማለት ነው፣ መድኃኒቱም መድፈን ነው። መኪናዋ ግን ይህን ትምህርት አልተማረችም። በየጊዜው ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነበት።

አናቱን ያዞረው ግን ሌላ ነገር ነው። ውሃው በየት እንደሚመጣ ለመያዝ ብሎ ምንጣፉን አነሳና ወለሉን በጋዜጣ አለበሰው፤ ጋዜጣው የረጠበበት ቦታ መንገዱን ያሳየኛል ብሎ። ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ዘነበ፣ እናቱም አብረውት ዋሉ፤ ማታ ጋዜጣውን ሲያየው ደረቅ ነው። እሰይ፣ የአንቴናው ሥራ ያዘ ማለት ነው አለ። ረቡዕ እናቱ ጎረቤት ዋሉና ብቻውን ወጣ። ዘነበ። ጋዜጣው ገንፎ ሆኖ ጠበቀው። ሐሙስ እናቱን ይዞ ወጣ፣ እንደ ጉድ ዘነበ፣ ጋዜጣው ደረቅ። አርብ ብቻውን፤ ኩሬ። እንዲህ እያለ ሁለት ሳምንት ሙሉ መዘገበ። ሽታው ግን ደረቅ በተባለውም ቀን አልለቅም አለ፣ እናቱም ሳል ጀመራቸው። ሲያስሉ መሪውን በእጁ ጭምቅ ያደርገዋል። አንድ ቀን ጎማውን በካልቾ መታው፤ የተጎዳው ግን የገዛ እግሩ አውራ ጣት ነው።

እህትየዋ ልትመጣ ሁለት ቀን ሲቀራት፣ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ከመንገዱ ማዶ ላሜራ የሚቀጠቅጡት ሽማግሌ ዘንድ ሄደ። ሽማግሌው እዚያ ቦታ ላይ አርባ ዓመት መኪና ሲያቃኑ ኖረዋል። ታሪኩን ሁሉ ሰሙና ጢማቸውን አሻሹ።

«እናትህ ሲቀመጡ ይደርቃል፣ ሲነሱ ያፈሳል፣ ነው የምትለኝ?»

«አዎ ጋሼ።»

«እንግዲያው ውታፉ እናትህ ናቸዋ» አሉና ብቻቸውን እስኪበቃቸው ሳቁ።

አይንጠብጥብ አልሳቀም። ደሙ ፈልቷል። ሽማግሌው ፊቱን ሲያዩ ሳቃቸውን ሰበሰቡና የውሃ ጎማቸውን ጎትተው መጡ። «እኔ ከላይ አፈሳለሁ፤ አንተ ከውስጥ ተኝተህ እይ። ዝም ብለህ እይ፤ ምንም ነገር እንዳትደፍን» አሉት።

ወለሉ ላይ በጀርባው ተጋደመ፤ እግሮቹ በበሩ ወጥተው ተንጠለጠሉ፣ ጭንቅላቱ ከዳሽቦርዱ ሥር ገባ፣ ባትሪውን በጥርሱ ያዘ። ሽማግሌው መጀመሪያ በሩ ላይ አፈሰሱ። ምንም። ጣሪያው ላይ አፈሰሱ። ምንም። ከዚያ የውሃ ጎማውን ዝናብ መጥረጊያዎቹ ሥር ካለው ወንፊት መሳይ ክፈፍ ላይ አኖሩትና ጠበቁ። ደቂቃ አለፈ። ሁለት ደቂቃ አለፈ። ከዚያ ንፋስ የሚነፋው ሳጥን ውስጥ የሆነ ነገር ተንቦጫረቀ፣ ውሃውም በሳጥኑ አፍ በኩል ቀጥ ብሎ ግንባሩ ላይ ወረደ። ባትሪው ከጥርሱ ወደቀ።

«ጋሼ፣ አገኘሁት። ከዚህ ነው፤ ሳጥኑን ልድፈነው?»

«ና ውጣ አንተ ሰው» አሉ ሽማግሌው። ኮፈኑን ከፍተው ያን ክፈፍ አነሱ። ከሥሩ ያለው ቦይ እስከ አፉ ሞልቶ ቆሟል። «ይህ ቦይ የተሠራው ዝናቡን ተቀብሎ በግራና በቀኝ፣ ከጎማው ጀርባ፣ ወደ መሬት እንዲሸኝ ነው። ሁለት ቀዳዳ አለው። መኪና ዝናብን አትከለክልም፣ መንገድ ሰጥታ ታሳልፈዋለች። ቦይዋ ከሞላች ግን ትርፉ ወዴት ይሂድ? ወደ ንፋሱ ሳጥን ገባ፣ ከዚያ እናትህ እግር ላይ። ምን ዘጋቸው ቀዳዳዎቹን? ቅጠል ይሆን?»

አይንጠብጥብ እጁን ከጎማው ጀርባ አሾልኮ የቀዳዳውን አፍ ዳሰሰ። ቅጠል አልነበረም። ለስላሳ ነው፣ ጥብቅ ያለ፣ ጫፉ በአውራ ጣት ተጠርጎ የተስተካከለ። ያን ጠረጋ ያውቀዋል። ገና ዝናቡ ሳይገባ፣ በበጋ፣ መኪናዋን አጥቦ ሲጨርስ ከፊት ጎማዎቹ ጀርባ ውሃ ጠብ ጠብ ሲል አይቶ ነበር። ቧንቧ ሠራተኛ የሚንጠባጠብ ነገር አይቶ አያልፍም። መኪናዋ ሥር ገብቶ፣ ሁለቱንም አድርቆ፣ ሁለቱንም ደፍኖ፣ እጁን ጠርጎ «ከእንግዲህ አይንጠባጠብም» ብሏል።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ምን አልክ?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። እኔ ነኝ የደፈንኩት።»

ሽማግሌው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሊስቁበት እንደሚችሉ ሁለቱም ያውቁ ነበር። ግን አልሳቁም፤ ቀጭን ካቻቢቴ አቀበሉት። ሲሊኮኑ እንዲህ በቀላሉ የሚነቀል አልነበረም፣ ሥራው ጥሩ ነበራ። ግማሽ ሰዓት ታገለው። ሲነቀል ቦዩ ውስጥ የነበረው ውሃ በአንዴ ከጎማው ጀርባ ወረደና ጫማውን አራሰው።

በማግስቱ ፀሐይ ወጣ። ጋቢናው ከሥር ከመሠረቱ ይድረቅ ብሎ መቀመጫውን ሊያወርድ አራቱን ብሎን ፈታ። ወንበሩን ሲያነሳ ከጀርባው የተወሸቀ የላስቲክ ከረጢት ወደቀ። ከፈተው። ሁለት ፎጣ፣ የጠፋበት የራሱ ካናቴራ፣ ሦስት ጥንድ የእናቱ ካልሲ፤ ሁሉም እርጥብ። ከሥር ደግሞ ተጨማድዶ ኳስ የሆነ፣ የረጠበና የሻገተ የጋዜጣ ክምር።

ከረጢቱን ይዞ ሄደ። እናቱ ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«እማዬ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

እናትየው ከረጢቱን አዩ፣ እሱን አዩ። «ፎጣ ነዋ» አሉ።

«ፎጣ መሆኑንማ አያለሁ። ጋዜጣዬን እየቀየርሽ ነበር? እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ እብድ ልሆን ስል፣ አንቺ የረጠበውን እያነሳሽ ደረቅ ታነጥፊ ነበር?»

«አንተ የሰው ቤት ስትገባ እኔ ምን ሥራ አለኝ? እጠርጋለሁ፣ በመስኮት እጨምቃለሁ። ሴቶቹም ደረቅ ፎጣና ጋዜጣ ያቀብሉኛል፤ እግዜር ይስጣቸው።»

ሴቶቹም ያውቃሉ ማለት ነው። ከተማው በሙሉ ያውቃል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ እሱ ብቻ ነው ያልሰማው። ቆሽቱ አረረ።

«ለምን? ሐኪሙ ያለውን ታውቂያለሽ። እግርሽን ውሃ ውስጥ ነክረሽ፣ እየሳልሽ፣ ለምን?»

«አትጩህብኝ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንተ ከልጅነትህ ጀምሮ ውሸት አታውቅም። ውሃውን ብታይ፣ እህትህ ስትደውል ትነግራታለህ። ከነገርካት መጥታ ልብሴን ትሸክፋለች። እኔ ደግሞ መሄድ አልፈልግም። ምን ላድርግ ታዲያ?»

ንዴቱ ባለቤት አጥቶ ዝም ብሎ ይዞር ነበር፣ በመጨረሻም ራሱ ላይ አረፈ። የቀዳዳዎቹን ነገር ነገራቸው። እናትየው ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉ ደግሞ ቶሎ አላቆም አለ። ጀርባቸውን እያሻሸ ጠበቀ።

«ለእህትህ እንዳትነግራት» አሉት ትንፋሽ ሲያገኙ።

«ካልጠየቀችኝ አልነግራትም» አለ። ከዚያ ያለፈ ቃል መግባት አልቻለም።

ቅዳሜ ገና ከጠዋቱ ሰማዩ ተቀደደ። እህትየዋ ትልቅ ባዶ ሻንጣ ይዛ ከአውቶቡስ ወረደች። ሻንጣውን ከኋላ ሸራ ሥር አስገባው፤ ባዶነቱን ክብደቱ ነገረው፣ እሷም አልደበቀችም። እናትየው መሃል ሆኑ፣ እሷ በመስኮቱ በኩል፣ ውሃው ይተኛበት በነበረው ቦታ ተቀመጠች። ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ወለሉን ረገጠችው። ይህን ስታደርግ አይንጠብጥብ በአንድ ዓይኑ መንገዱን፣ በሌላው እግሯን ያያል።

ሆን ብሎ ረጅሙን መንገድ ያዘ። ዳገቱን ወጣ፣ ቁልቁለቱን ወረደ፣ ጎርፍ ያለበትን ጎዳና አቋረጠ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድበዋል። አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲህ ሄዱ። እህትየዋ መሐረቧን አውጥታ ወለሉን ጥግ ድረስ ጠረገችውና ወደ ብርሃን አነሳችው። መሐረቡ ደረቅ ነው።

«ደርቋል» አለች።

አይንጠብጥብ ትንፋሹን ለቀቀ። ወደ መናኸሪያው የሚወስደውን መንገድ ያዘ፤ የመመለሻ አውቶቡሷ ሰዓት ደርሶ ነበር። በዚህ መሃል እናትየውን አሳላቸው። አንዴ ብቻ፣ አጭር ሳል።

«እኔ ግን ይዣት ብሄድ ነው የሚሻለው» አለች እህትየዋ።

«ምን?»

«መኪናው ደርቋል፣ አየሁ። እማዬ ግን ታስላለች። ነገ ደግሞ ሌላ ነገር ያፈስሳል፤ አሮጌ መኪና ነው፣ አንተም ሥራ ይበዛብሃል። የሷ ቦታ መኪና ውስጥ አይደለም። ቤት እንሂድና ልብሷን ልሸክፍ፤ በሚቀጥለው አውቶቡስ እንሄዳለን።»

እዚህ ላይ ነው የበገነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከዳሽቦርድ ሥር የተጋደመበት ወገቡ፣ የሰፈሩ ፌዝ፣ አውራ ጣቱ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ወጣ። «ውል ነበረን እኮ» አለ፤ «ከደረቀ ትቀራለች ብለሽ ነበር። ልንገርሽ? ይህቺ ሴት አንቺ ቤት ላለመሄድ ብላ ሦስት ሳምንት ሙሉ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣለች። ውሃውን በፎጣ እየጠረገች፣ ከኔ እየደበቀች፣ እየሳለች። አንቺ ቤት ከምትሄድ ሳንባዋ ቢጎዳ መረጠች። አሁን ሻንጣሽን ሙዪ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ገና ሳይጨርሰው መልሶ ሊውጠው ፈለገ። እናትየው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

እህትየዋ ወደ እናቷ ዞረች። «እውነት ነው እማዬ?» አለች፤ ድምፅዋ የኃላፊ ድምፅ አልነበረም።

«ቤትሽ ደረቅ ነው ልጄ» አሉ እናትየው። «ምንም አይወጣለትም። ያኔ ከሆስፒታል ወጥቼ አንቺ ዘንድ ወር ስቀመጥ እንደ ዓይንሽ ብሌን ነው የያዝሽኝ። ግን ጠዋት በሩን ዘግተሽ ስትወጪ፣ እስከ ማታ የሚጠራኝ ሰው የለም። እዚህ በየደረስንበት ይጠሩኛል።»

«ማታ እኔ እመጣ የለም እንዴ?»

«ትመጪያለሽ፤ ደክሞሽ።»

እህትየዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይንጠብጥብ አየ፤ አርባ ስድስት ዓመት ሲኖር እሷን ስታለቅስ አይቷት አያውቅም። ማርሽ መቀየር እንኳ ተሳነው።

«እኔንስ» አለች ወደ መስታወቱ፤ «ማታ ስገባ እኔንስ ማን የሚጠራኝ አለ?»

እናትየው እጃቸውን ዘርግተው የልጃቸውን ባዶ እግር ጭናቸው ላይ አወጡት፤ ቀዝቅዞ ስለነበር በመዳፋቸው ያሹት ጀመር። ወደ መናኸሪያው የሚያስገባው መታጠፊያ በግራ በኩል መጣ። አይንጠብጥብ ቀጥ ብሎ አለፈው፤ ለምን አለፍከው ያለው፣ ስለ ሻንጣውም ያነሳ ሰው አልነበረም።